ዳኛው ከሜዳ ያስወጣኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ቆቦ ገበያ መሐል የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ አስቆመኝ። የወጣሁት የቤት ጫማዬ ተበጥሶብኝ ሌላ ልገዛ ነበር። ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ደጃፍ ላይ የቅርጫት ኳሶች በመረብ ታስረው ተንጠልጥለዋል፤ ብርቱካንማ፣ ጥቁር መስመር ያላቸው፣ የቆላው ፀሐይ ያሞቃቸው። አንዱን በመረቡ ውስጥ እንዳለ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ሳሸተው ባለሱቁ ወጣት ሳቁን ማፈን አቃተው።

«እትዬ፣ ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው ብልህስ?»

«ወላሂ ለእርስዎማ በነጻ እሰጥ ነበር» አለና ሳቀ። ግን አልሰጠኝም። የጠራልኝ ዋጋ በእኛ ጊዜ አንዲት ግመል ይገዛ ነበር። ሽታው ግን በነጻ ነውና እሱን ጠግቤ ተመለስሁ፤ ጫማውንም ረሳሁት።

ያ ወጣት በምን ያውቃል! እኔ ሉባባ፣ የኢብሬ ልጅ፣ ኳስ እየተጫወትሁ ደሞዝ የበላሁ ሰው ነኝ። የልጅ ልጄ ስልኳን እየነካካች የአሜሪካ ሴቶች ሲዘሉ ሲወረውሩ ታሳየኝና «አያቴ፣ እነዚህ ሥራቸው ይኸው ብቻ ነው፤ ተከፍሏቸው ነው የሚጫወቱት» ትለኛለች፤ የማላውቀውን አገር ልታስጎበኘኝ። እኔ ደግሞ ስልኩን ተቀብዬ የአንዷን እግር አያለሁ፤ ጫማዋ ብቻውን ቤት ይሠራል። እኛ የተጫወትነው በሸራ ጫማ ነው። ለኔ እግር የሚሆን የሴት ጫማ ጠፍቶ ከወንዶቹ ቡድን ነበር የተዋስሁት፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ጠቅጥቄ።

ቁመቴ የመጣው ባንድ ክረምት ነው። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ማሳውን አጥግቦ ባለፈበት ዓመት «ማሽላውና ሉባባ እኩል ተመዘዙ» ይሉ ነበር ጎረቤቶቻችን። የሰፈሩ ልጆች ጥንቅሽ ብለው ጠሩኝ፤ ያን እየላጥን የምንመጠውን ጣፋጭ አገዳ። ስሙ አይከፋም ነበር። የሚከፋው ሰርግ ቤት ነው። ሴቶቹ ቀና ብለው እያዩኝ «አይ ይቺ ልጅ፣ ማን ደርሶባት ያገባታል!» ሲባባሉ እሰማለሁ። ስለዚህ መጉበጥ ለመድሁ። ሰላም ስል ጎንበስ፣ ከጓደኞቼ ጋር ስሄድ ጎንበስ፣ ዝም ብዬ ስቆም እንኳ አንዱን ጉልበቴን አጥፌ ነው። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ናይሎን ቀሚስ ስትለብስ ዓለም የሷ ትሆን ነበር፤ እኔ ግን ናይሎኑን ስለብስ ባቴ ላይ ይቀራል። እናቴ ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ትቀጥልበታለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ቅጥያ። ቀሚሴ ላይ ዕድሜዬን መቁጠር ይቻል ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን አጎቴ ሱቅ ተቀምጫለሁ። ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰው ከቆመ የጭነት መኪና ወርዶ ገባ።

«የእጅ ባትሪ ይኖራል?»

ባትሪዎቹ የተሰቀሉት ከጣሪያው ሥር ነው። አጎቴ ማውረጃ ዘንጉን ሲፈልግ እኔ ብድግ ብዬ እጄን ሰደድሁና አወረድሁለት። ሰውዬው ግን ባትሪውን አልተቀበለኝም። የሚያየው እኔን ነው።

«እስቲ መልሰሽ ስቀይው» አለኝ።

ሰቀልሁት።

«እስቲ አሁን ደግሞ አውርጂው።»

አጎቴ ተቆጣ። «ጌታው፣ የሚገዙ ከሆነ ይግዙ! ልጅቷን ምን ያንገላቱብኛል?»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ባትሪውን ተወው» አለ ሰውዬው። «አባቷ የት ነው የሚገኘው?»

ጋሽ ታደሰ ይባላል። ኮምቦልቻ አጠገብ ያለ የአንድ ፋብሪካ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነበር፤ ዘመድ ጠይቆ በፋብሪካው መኪና ሲመለስ ነው ቆቦ ላይ ሻይ ለመጠጣት የቆሙት። አባቴን ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር አገኘው። አባቴ ገበሬም ነጋዴም ነው፤ ማሽላና ጤፉን አምርቶ፣ ከጎረቤትም ገዝቶ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ ሲቀናው ደሴ ድረስ ይሸጣል። ብትሩ ከእጁ አትለይም። ቁጣው ቅርብ ነው፣ ሳቁም ቅርብ።

«ልጄን ወስዳችሁ ምን ልታደርጓት ነው?» አለው።

«አያ ኢብሬ፣ ኳስ ቅርጫት ውስጥ ትጨምራለች።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኳሱ በሥር ይወድቃል። አንሥተን እንደገና እንጨምረዋለን።»

አባቴ ብትሩን እያሻሸ አሰበ። «ታዲያ የቅርጫቱን ሥር ለምን አትሰፉትም?»

ጋሽ ታደሰ ሳቁ አምልጦት ባርኔጣው ወደቀ። አባቴም እየሳቀ አነሣለት፤ ነገሩ ያን ጊዜ አለቀ ማለት ይቻላል። ቃል ግን አስገብቶታል። ሱሪዋ ቁርጭምጭሚቷ ይድረስ፣ ሻሿ ከራሷ አይውረድ፣ ማደሪያዋ ከሴቶች ጋር ይሁን። ወደኔም ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እኔ ስለ ኳስ አንዳች የማውቀው ነገር አልነበረም። ነገር ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁመቴን ፈልጎ የመጣ ሰው አየሁ። «እሄዳለሁ» አልሁ።

ያ ዘመን የሰልፍና የመፈክር ነበር፤ እሱን የሚያወሩ ሌሎች ሞልተዋል። እኔ የማስታውሰው የፋብሪካውን ጡሩምባ ነው፣ በየመስኮቱ ላይ እንደ ውርጭ የሚያርፈውን የጥጥ ብናኝ፣ ከደጁ ያለችውን ሻይ ቤት። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ብስኩት በአምስት። ባለሻይ ቤቱ ያለው አንድ ካሴት ብቻ ነበርና ጧት የሰማነውን የፍቅር ዘፈን ማታም እንሰማዋለን፤ ካሴቱ የሚንተፋተፍበትን ቦታ ሳይቀር አብረን እንዘፍነዋለን። በወረቀት ላይ እኔ የክር ክፍል ሠራተኛ ነኝ። እውነቱ ግን ጧት ክሩን ትንሽ ከዳበስን በኋላ ጋሽ ታደሰ በፊሽካ ይጠራናል፤ ደሞዛችን የሚወጣው ለኳሱ ነበር። በመጀመሪያው ደሞዜ ለእናቴ ሻርፕ ገዛሁ፣ ለራሴ ቴሪሊን ሱሪ አሰፋሁ። ልብስ ሰፊው የእግሬን ርዝመት ለክቶ ሜትሩን እንደገና አየው። «እህቴ፣ ይኼ የአንድ ሰው ነው ወይስ ለእህትሽም ጭምር?» አለኝ።

ክፍሌን የተካፈልሁት ከጽጌ ጋር ነበር። ጽጌ የላስታ ደጋ ልጅ ናት፤ ከብብቴ ሥር ተጠልላ ዝናብ የምታሳልፍ፣ ግን እንደ እሳት የምትፈጥን። ሥጋ ባለ ቀን ድስታችን ሁለት ይሆናል፣ የሷና የኔ፤ ሽሮ ቀን አንድ። እኔ ስሰግድ ሬዲዮዋን ትዘጋለች፤ እሷ ስትጾም እኔ ወተት ውጭ ጠጥቼ እገባለሁ። ኳስ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረችኝም እሷ ናት። እኔ መጀመሪያ ኳሱን የማቅፈው ሊያመልጥ እንዳለ ዶሮ ነበር።

እንዲህ እያልን የፋብሪካዎቹ ውድድር የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ደሴ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ ቡድን ጋር። ያን ጊዜ ጣሪያ ያለው ሜዳ የለም፤ አስፋልት ላይ በኖራ የተሠመረ መስመር ነው፣ ሰዉ ከዳር እስከ ዳር ቆሞ። ጋሽ ታደሰ «ካሸነፍን ቡድኑ ይቀጥላል፤ ከተሸነፍን አለቆቹ ሁላችሁንም ወደ ክሩ ይመልሷችኋል» ብሎናል። ያንን እያሰብሁ ሰውነቴን ሳሟሙቅ ከሰዉ መሐል አንድ ጥምጥም አየሁ። ሽርጡን ታጥቆ፣ ብትሩን በትከሻው አድርጎ፣ አባቴ! ማሽላ ሊሸጥ ደሴ መጥቶ ሰው ሲጎርፍ አይቶ ተከትሎ ነው። እስከዚያ ቀን ስጫወት አይቶኝ አያውቅም።

ጨዋታው ሳይጀመር የባላጋራችን አሰልጣኝ በኔ ላይ ተነሣ።

«ይቺ ልጅ ሻሽ በመርፌ ቁልፍ አስራ መጫወት አትችልም። ሕጉ ይከለክላል!»

ዳኛው ሰይድ ይባላል። ደሴ ሒሳብ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ ቀጭን፣ አጭር፣ ከትከሻዬ የማያልፍ። ቀስ ብሎ መጣና ቀና ብሎ አየኝ። ሰው ሁሉ ቀና ሲል ፊቱን ያጨማድዳል፤ እሱ ግን ጨረቃ እንደሚያይ ሰው ረጋ ብሎ ነው ያየኝ።

«ሕጉ የሚከለክለው ሰው የሚወጋ ነገር ነው» አለ። «እህቴ፣ መርፌ ቁልፎቹን ማውጣት ትችያለሽ?»

አወጣኋቸው። ጽጌ ተንጠራርታ ሻሼን ከማጅራቴ ላይ አጥብቃ ቋጠረችው። ሰይድ መርፌዎቹን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ አሰልጣኙ ዞረ። «አሁን ማንን ይወጋል?»

አቤት የዚያ ቀን ጨዋታ! ከቅርጫቱ ሥር ቆሜ የሚመጣውን ሁሉ ከአየር ላይ እለቅመዋለሁ። ጽጌ ከታች ትወረውርልኛለች፣ እኔ ከላይ አስቀምጠዋለሁ። የፋብሪካው ሰው «ጥንቅሽ! ጥንቅሽ!» ሲል ደሴም አብሮ ያዘው፤ ያ የሰፈር ልጆች ያወጡልኝ ስም በማላውቃቸው ሰዎች አፍ ሲጠራ አባቴ ግራና ቀኙን እየዞረ «ልጄ ናት! የኔ ልጅ ናት!» ይላል። የአዲስ አበቦቹም ቀላል አልነበሩም፤ ያገባነውን ሁሉ ይመልሱታል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ እየመራን ነው። ጎበዟ ተጫዋቻቸው ወደ ቅርጫቱ ገሠገሠች፣ ዘለለች፣ እኔም እጄን ከላይ አወረድሁባት። ፊሽካው ጮኸ። ሰይድ አምስት ጣቱን ዘርግቶ አሳየ። አምስተኛ ጥፋቴ ነው፤ አምስት ጥፋት የሠራ ይወጣል።

አባቴ ብትሩን ይዞ፣ የኖራውን መስመር ተሻግሮ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ዳኛው መጣ።

«ልጄን ምን አድርጋ ነው የምታስወጣት?»

ሰይድ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «አባቴ፣ ልጅዎ ደኅና አድርጋ ተጫውታለች። ግን የሰው እጅ መታች። አምስት ጊዜ።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። «ሉባባ፣ መትተሻታል?»

ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ጋሽ ታደሰ በጥቅሻ የለም በይ የሚለኝ ይመስለኛል። «አዎ አባዬ፣ መትቻታለሁ» አልሁ።

«እንግዲያ ነይ ተቀመጪ» አለኝ። እጄን ይዞ ወሰደኝና ከተጫዋቾቹ ወንበር ላይ እሱም አብሮኝ ተቀመጠ፤ ማንም ተነሣ ያለው የለም። የተመታችዋ ልጅ ሁለት ነጻ ውርወራዋን አገባች። አሁን በአንድ ይመሩናል። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ በጣቶቼ መሐል ነው የማየው። ጽጌ ኳሱን ይዛ በረረች፤ በሁለት ረጃጅም ልጆች መሐል ገባች፤ አንዷ ገፋቻትና አስፋልቱ ላይ ተዘረጋች። እንደገና ፊሽካ።

«ያ አጭሩ ነው የነፋው?» አለ አባቴ።

«አዎ።»

«ለኛም ይፈርዳል እንዴ?»

ጽጌ ክርኗ ተልጦ ተነሣች። ሁለት ውርወራ ተሰጣት። ባላጋራዎቿ ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ዝም ብለው ሊያዩዋት ነው?» አለ አባቴ በሹክሹክታ።

«ሕጉ ነው። አሁን ማንም አይነካትም።»

«ሱብሐነላህ! እንዲህ ያለ ጨዋታ ኖሯል?»

የመጀመሪያው ገባ። እኩል ሆንን። ሁለተኛው የቅርጫቱን ብረት መታ፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፤ አባቴ ቆሞ «ግባ! ግባ አንተ!» እያለ ኳሱን እንደ በሬ ሲቆጣው ገባ። የማብቂያው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መናገር አልችልም። ጽጌን ተሸክሜ ሮጫለሁ። አባቴ ጥምጥሙ ተፈትቶ፣ ብትሩን ወደ ላይ እየወረወረ እየቀለበ፣ የራያን ጭፈራ ለደሴ ሰው አሳይቷል። የጋሽ ታደሰ ባርኔጣ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ግርግሩ በረድ ሲል ሰይድ መጣ። መርፌ ቁልፎቼን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «አምስተኛው ጥፋት አሳዝኖኛል» አለኝ። «ግን ለምን እጅሽን ወደ ታች ታወርጃለሽ? ወደ ላይ ብቻ ዘርግተሽው ቁሚ። አንቺ ወደ ታች ምን አለሽ?»

ይህን ቃል ይዤ ፋብሪካው ገባሁ። ከዚያ በኋላ ሰይድ በሳምንት አንድ ቀን ልምምዳችንን ለማየት ከደሴ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ሕግ ላስረዳቸው ብሎ፣ ቀጥሎ የእጅ ሰዓቴን ረሳሁ ብሎ፣ በኋላ ግን ምክንያት መፈለጉንም ተወው። ጽጌ «ዛሬም ሕጉ መጣ» ትለኝ ነበር።

አዝመራው ሲገባ ሽማግሌዎች ቆቦ ተላኩ። እኔ ለዕረፍት መጥቻለሁና ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ዱዓው ተደረገ፣ አገር ተወሳ፣ ዘር ተቆጠረ። አባቴ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አለ።

«ያስተምራል። ደግሞም ዳኛ ነው» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

«ዳኛ!» አባቴ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «አልሃምዱሊላህ! የት ፍርድ ቤት ነው?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የ… የኳስ ዳኛ ነው።»

እኔ ጆሮዬን ወደ ጓዳው መጋረጃ አስጠጋሁ።

«ያ አጭሩ?» አለ አባቴ።

«አዎ፣ ያ ነው።»

«ልጄን ያስወጣት?»

«ያ… አዎ።»

አባቴ ብትሩን መሬት ላይ አጋደማት፤ ድምፁን ሰማሁት። «ስሙኝማ» አለ። «እኔ ተቆጥቼ፣ ይቺን ብትር ይዤ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጥቼበት አልሸሸም፣ አልዋሸኝም። እኔን ያልዋሸ ሰው ልጄንም አይዋሽም። ልጄ ካለች እኔ ብያለሁ። ግን ኳሷን አትተውም። እሱን ውል አስገቡልኝ።»

«እሱም ያንኑ ብሎ ነው የላከን» አሉ ሽማግሌው እየተነፈሱ። «እንዲያውም ከእንግዲህ የሷን ጨዋታ አልዳኝም ብሏል፤ ለሚስቱ ያደላል እንዳልባል ነው ያለው።»

«ምነው! ማድላቱንማ እፈልገው ነበር!» አለ አባቴ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ከጓዳ ወጣሁ። ሳልጠየቅ «እሺ ብያለሁ» አልሁ፤ ሽማግሌዎቹም ቀና ብለው አዩኝ።

ከጋብቻ በኋላም ብዙ ተጫወትሁ፤ ሰይድ ከዳር ቆሞ በዳኞች ላይ የሚጮህ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ልጆች መጡ፣ ዘመኑም ተለዋወጠ፣ ቡድኑ ተበተነ፣ እኛም ወደ ቆቦ ተመለስን። ክፉ ቀኖችም መጥተው አልፈዋል። አባቴና ጋሽ ታደሰ አፈር ሆኑ፤ አላህ ይዘንላቸው። ጽጌ ወልድያ ናት፤ ለኢድ እሷ ትደውላለች፣ ለፋሲካ እኔ እደውላለሁ፣ ሁለታችንም ስለዚያች ሁለተኛ ውርወራ ሳናወራ ስልኩን አንዘጋም። ሰይድ አሁን ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጦ መነጽሩን እያጸዳ «ትክክለኛ ፍርድ ነበር» ይለኛል። ነበር እንጂ! ማን ክዶ።

ከሁሉ ግን የሰርጋችንን ቀን ሳልናገር አላበቃም። ዳሱ የተጣለው በዓመቱ ከአባቴ ቤት ደጅ ነው፣ ማሽላው ሳይታጨድ ከዳሱ ጀርባ ቆሞ። ፎቶ አንሺ ከወልድያ መጥቷል፤ ሦስት እግር ያለው ማስቀመጫ፣ ክራቫት፣ ብዙ ትእዛዝ። እኔንና ሰይድን ጎን ለጎን አቁሞ አየን፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ሄዶ ወንበር አመጣ።

«ሙሽራዋ ትቀመጥ፣ ሙሽራው ይቁም። እንዲያ ሲሆን ያምራል፣ ትስተካከላላችሁ።»

ሴቶቹ «እውነቱን ነው፣ ተቀመጪ» አሉኝ። እኔም ልቀመጥ ጎንበስ ስል ሰይድ ክንዴን ያዘኝ።

«አትቀመጥም።»

«ጌታዬ፣ ከቆመች ራሷ ከፎቶው ይወጣል!» አለ ፎቶ አንሺው።

«እንግዲያ አንተ ወደ ኋላ ሂድ» አለው ሰይድ። «እኔ ያገባሁት ሙሉዋን ነው።»

ፎቶ አንሺው እያጉረመረመ መሣሪያውን አንሥቶ ወደ ኋላ ሄደ። በመሣሪያው አየ፤ አልበቃውም። እንደገና ሄደ። ዳሱን አለፈ፣ አጥሩን አለፈ፣ ማሽላው ውስጥ ገባ፤ ክራቫቱ ብቻ በአገዳው መሐል ይታየናል። ሰርገኛው በሳቅ ወደቀ። እኔም ጉልበቴን ዘርግቼ፣ አንገቴን አቅንቼ፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ሻሼ ጫፍ ያለሁትን ያህል ሆኜ ቆምሁ። ፎቶው ዛሬም ከግድግዳችን ላይ አለ። ከመራቁ የተነሣ የማን ፊት እንደሆነ ለመለየት መቅረብ ያስፈልጋል፤ ስስቅ የተከፈተው አፌ ግን ከበሩ ይታያል።